ሰዋስዉ ትክክል፣ ንግግሩ የሚያስቀይም፦ ባህልን በእንግሊዝኛ ክፍል ስለማስተማር የመምህራን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች የመጡት እንግሊዝኛ ከሚያስተምሩ አንባቢዎች ነው። ጥያቄያቸው የተለያየ ቢሆንም ሁሉም ከቋንቋው ጋር አብሮ ስለሚመጣው ባህል ነው። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ስንል አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ስለ ሌላ አገር በዓልና አለባበስ የሚናገር ምንባብ ሲመጣ ተማሪዎቼ አንብበው ጥያቄዎቹን ይመልሳሉ፤ በሳምንቱ ግን አንዱንም አያስታውሱትም። ባህል አስተምር ስባል ከየት ልጀምር? *መምህር፣ ከደሴ*

መልስ፦ ከበዓል አይጀምሩ። የበዓል ምንባብ ዕውቀት ይጨምር ይሆናል፤ ተማሪው አፉን ሲከፍት ግን አያግዘውም። በቋንቋ ክፍል ውስጥ ባህል ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው፣ ሰዋስዉ ምንም የማይወጣለት ዐረፍተ ነገር ሰው በሚያስቀይምበት ቦታ ላይ ነው። ለዚህ ደግሞ አንድን ነገር ከሰው ከመጠየቅ የተሻለ መነሻ የለም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በአማርኛ አክብሮት የሚቀመጠው ግሡ ላይ ነው። «ውሃ ይስጡኝ» ያለ ልጅ «እባክዎ» ባይጨምርበትም ጨዋ ነው፤ የግሡ ቅርጽ ሥራውን ጨርሶለታል። እንግሊዝኛ አንተንና አንቱን በግሥ አይለይም። ስለዚህ ተማሪው «ይስጡኝ»ን በልቡ ይዞ «ጊቭ ሚ ዋተር» ሲል አክብሮቱ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሰሚው የሚሰማው ትእዛዝ ነው። «ፕሊዝ» ማከል ትንሽ ያለዝበዋል እንጂ ትእዛዝነቱን አያጠፋውም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጨዋነታቸውን የሚያሳዩት ፍላጎታቸውን ወደ ጥያቄ በመለወጥ («ኩድ አይ ሃቭ ሰም ዋተር፣ ፕሊዝ?»)፣ ያላለፈን ነገር በኃላፊ ጊዜ በመጠየቅ («አይ ዋዝ ዎንደሪንግ ኢፍ…»)፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጠያቂው እምቢ የሚልበት ቀዳዳ በመተው ነው።

አንድ የ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ይከፋፈላል። የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች ተማሪዎቹ አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ ይጠቀሙባቸው። ሁለት ልጆች ይውጡና አንዱ ከጓደኛው እስክሪብቶ ይዋስ፤ ቀጥሎ ያው ልጅ ከጎረቤት ሽማግሌ መሰላል ይዋስ። ክፍሉ የሚያዳምጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጁ ንግግሩን የለወጠው የት የት ላይ ነው? ግሡን፣ ሰላምታውን፣ «ካላስቸገርኩዎት» የሚለውን፣ ድምፁን ዝቅ ማድረጉን ራሳቸው ይነግሩዎታል። ባህል ማለት ሌሎች ያላቸው፣ እነሱ ግን የሌላቸው ነገር እንዳልሆነ የሚገባቸው እዚህ ላይ ስለሆነ ይህን ክፍል ለጊዜ ሲሉ አይዝለሉት።

በሚቀጥሉት 10 ደቂቃዎች ሰሌዳው ላይ 9 ሳጥን ያለው ሠንጠረዥ ይሥሩ። ወደ ጎን ጓደኛ፣ መምህር እና የማያውቁት ሰው፤ ወደ ታች እስክሪብቶ፣ ስልክ ለመደወል እና 500 ብር። ከሠንጠረዡ አጠገብ አራት የእንግሊዝኛ አጠያየቆችን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይጻፉ፦ «ካን አይ…»፣ «ኩድ አይ…»፣ «ዉድ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ…»፣ «አይ ዋዝ ዎንደሪንግ ኢፍ አይ ኩድ…»። «ማይንድ» ላይ አንዴ ቆም ይበሉ፤ ጥያቄው «ቅር ይልዎታል ወይ?» ስለሆነ ፈቃደኛው ሰው የሚመልሰው «ኖ፣ ኖት አት ኦል» ብሎ ነው፤ ተማሪዎች ግን «የስ» ብለው ሳያስቡት እምቢ ይላሉ። ቀጣዮቹ 20 ደቂቃዎች ሥራው የነሱ ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ለእያንዳንዱ ሳጥን አጠያየቅ ይመርጣሉ፣ ሦስቱን መርጠው ይጫወቱታል። በቀሩት 10 ደቂቃዎች ሁለት ጥንዶች የተለያየ መልስ የሰጡበትን ሳጥን አንስተው ለምን እንደተለያዩ ያከራክሯቸው።

የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ልጆቹ ከባዱን አጠያየቅ ከተማሩ በኋላ ለሁሉም ይጠቀሙበታል። ከጓደኛ እስክሪብቶ ለመዋስ «አይ ዋዝ ዎንደሪንግ» ማለት የተቀየመ ወይም የሚያሾፍ ያስመስላል፤ ሠንጠረዡ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ቃላቱ ትክክል ሆነው ዜማው ይወድቃል፤ «ኩድ ዩ ኦፕን ዘ ዊንዶው» መጨረሻው ላይ በኃይል ከወደቀ ተመልሶ ትእዛዝ ነው። ዐረፍተ ነገሩን በሁለት ዜማ ብለው ልዩነቱን ያሰሟቸው። ሦስተኛ፣ ለከባድ ነገር መግቢያ ይረሳል። 500 ብር የሚጠየቀው በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አይደለም፤ «አር ዩ ቢዚ?» ይቀድማል፣ ምክንያት ይከተላል፣ ጥያቄው በሦስተኛ ደረጃ ይመጣል። በዚህ በኩል እኛም እንዲሁ ስለምናደርግ ልጆቹ ቶሎ ይይዙታል።

ቀጣዩ ሳምንት ግብዣን የመቀበልና ያለመቀበል ይሁን። እኛ ዘንድ መጀመሪያ «አይ፣ ጠግቤአለሁ» ማለት ጨዋነት ነው፤ ጋባዡም «በሞቴ» እያለ እንደሚመለስ ይታወቃል። በብዙ የእንግሊዝና የአሜሪካ ቤቶች «ኖ፣ ታንክ ዩ» እንደ እውነተኛ መልስ ይወሰዳል፤ ምናልባት አንድ ጊዜ «አር ዩ ሹር?» ይባላል፣ ከዚያ ሳህኑ ይነሳል። እንግዳው ርቦት ያድራል። በተቃራኒው ደግሞ ተማሪዎ እንግሊዝኛ ተናጋሪ እንግዳ ቤቱ ቢመጣ ሦስቴ አራቴ መለመኑ እንግዳውን ሊያስጨንቀው ይችላል። ሁለቱንም ወገን ያጫውቷቸው፤ አንዴ እንግዳ፣ አንዴ ጋባዥ ሆነው።

ጥያቄ፦ የማንን ባህል ነው የማስተምረው? የእንግሊዝን ወይስ የአሜሪካን? ተማሪዎቼ ለንደንን የማየት ዕድላቸው ጠባብ ነው። *መምህርት፣ ከሐዋሳ*

መልስ፦ ሁለቱ ብቻ አይበቁም። ሕንዳዊው የቋንቋ ሊቅ ብራጅ ካችሩ በ1985 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝኛን ዓለም በሦስት ክበብ ከፍሎ ነበር። በውስጠኛው እንደ እንግሊዝና አሜሪካ ያሉ ቋንቋው የአፍ መፍቻ የሆነባቸው አገሮች አሉ፤ በሁለተኛው እንደ ሕንድ፣ ናይጄሪያና ኬንያ ያሉ በቅኝ ግዛት ዘመን ገብቶ በመንግሥትና በትምህርት ውስጥ ሥራ ላይ የቆየባቸው፤ በውጨኛው ደግሞ እንደ ቻይና ያሉ እንደ ባዕድ ቋንቋ የሚማሩት። አከፋፈሉ በኋላ ብዙ ትችት ቢቀርብበትም ለዕቅድ አውጪ መምህር አሁንም ጥሩ መነሻ ነው። የሐዋሳ ተማሪ ነገ እንግሊዝኛ የሚናገረው ከቻይናዊ የፋብሪካ ተቆጣጣሪ፣ ከሕንዳዊ ሐኪም ወይም ከኬንያዊ ነጋዴ ጋር ሊሆን ይችላል፤ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫም አዲስ አበባ ነው።

የእኛ ምክር ይህ ነው። በመንፈቅ ዓመት ለባህል 10 ክፍለ ጊዜ ካለዎት ሦስቱን ለእንግሊዝና ለአሜሪካ፣ ሦስቱን ለአፍሪካና ለእስያ፣ አራቱን የራስን ባህል በእንግሊዝኛ ለመግለጽ ይስጡ። የመጨረሻው ትልቁን ድርሻ የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ተማሪው ከማንም ጋር ይገናኝ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ አገሩ ነው፤ መማሪያ መጻሕፍት ግን ለዚያ የሚሆን ቃል ብዙም አይሰጡትም።

ስለ የትኛውም ሕዝብ ስታስተምሩ «አሜሪካኖች እንዲህ ናቸው» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ አይውጣ። መድኃኒቱ ከራስ መጀመር ነው። «ኢትዮጵያውያን ጥሬ ሥጋ ይበላሉ» ብለው በእንግሊዝኛ ይጻፉና ዝም ይበሉ። ክፍሉ ራሱ ይነሳል፤ የማይበላ፣ በቤቱ የማያውቅ፣ በሃይማኖቱ የማይፈቀድለት ልጅ ይኖራል። ከዚያ «ሰም»፣ «ሜኒ»፣ «ቴንድ ቱ»፣ «ኢን ሰም ፓርትስ» የሚሉትን ቃላት ሰጥተው ዐረፍተ ነገሩን እውነት እንዲያደርጉት ይጠይቋቸው። ቀጥሎ ስለ ሌሎች ሲጽፉ እነዚህን ቃላት እንዲጠቀሙ ያስገድዷቸው። በአንድ መንገድ ሰዋስውም ፍትሕም ይማራሉ።

ጥያቄ፦ አንድ ወላጅ «ልጄን የባዕድ ልማድ እያስተማራችሁት ነው» ብለው ትምህርት ቤት መጡ። የተቆጡት በምግብ ቤት ጭውውት ውስጥ ወይን ስለታዘዘ ነው። ምን ማድረግ ነበረብኝ? *መምህር፣ ከጎንደር*

መልስ፦ ወላጁ ያነሱት ነገር ቀላል አይደለም፤ እኛም በግማሹ ከርሳቸው ጋር ነን። ማወቅና ማድረግ ይለያያሉ። ልጁ በሌላ አገር ምግብ ቤት ውስጥ ወይን እንደሚታዘዝ ቢያነብ ጉዳት የለውም። በራሱ አፍ «ለኔ ወይን» ብሎ እንዲጫወት ማድረግ ግን ሌላ ነው፤ ሃይማኖቱ ወይም ቤቱ የማይፈቅደውን ነገር ማንም ተማሪ በመጀመሪያ መደብ እንዲናገር መገደድ የለበትም። ወይኑን በጭማቂ፣ የአሳማ ሥጋውን በዓሣ ይለውጡት። የሚለማመደው ዐረፍተ ነገር «አይል ሃቭ…» ነውና ቋንቋው ምንም አይጎድልበትም። ለወላጁም ይህንኑ ይንገሯቸው፤ የተለወጠውን ጭውውት በወረቀት ቢያሳዩአቸው ከረጅም ማብራሪያ ይሻላል።

ከዚህም አልፎ ያንን የምግብ ቤት ጭውውት ለልጆቹ ሕይወት እንዲጠቅም ማድረግ ይቻላል። የኦርቶዶክስ ተማሪ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ይታቀባል። ውጭ አገር ሄዶ «አይ አም ፋስቲንግ» ብቻ ካለ ብዙ ሰሚ ጨርሶ አይበላም ብሎ ይደመድማል፤ ሳህን አያቀርብለትም። የሚያስፈልገው ዐረፍተ ነገር «አይ ዶንት ኢት ሚት፣ ኤግስ ኦር ዴሪ ዱሪንግ ዚስ ፋስት» የሚል ነው፤ ቀጥሎ ስለ ወጡ መጠየቅ፦ «ኢዝ ዜር ኤኒ በተር ኢን ዚስ?»። የምግብ ዝርዝር ላይ «ቪጋን» የሚል ካየ ለጾም የሚሆነው ያ እንደሆነ ይወቅ፤ «ቬጀቴሪያን» ግን ወተትና እንቁላል ሊኖርበት ስለሚችል አያስተማምንም። ሙስሊሙ ተማሪ በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ እንደማይበላና እንደማይጠጣ ሲናገር «ውሃም?» የሚል ጥያቄ መከተሉ አይቀርም። መልሱን አሳጥሮ፣ ሳይቆጣ፣ «ኖት ኢቭን ዋተር፣ አንቲል ሰንሴት» ብሎ ይለማመደው። ሥጋ ሲያዝም «ኢዝ ዚስ ሃላል?» ብሎ መጠየቅ ይቻል። ያ ሁሉ የባህል ትምህርት ነው፤ ወላጅ ደግሞ ይወደዋል።

ጥያቄ፦ ክፍሌ ውስጥ 70 ተማሪ አለ። ፕሮጀክተር የለም፣ ኢንተርኔት የለም፣ መብራትም ይጠፋል። *መምህርት፣ ከሰሜን ሸዋ*

መልስ፦ ከኢንተርኔት በፊት የተፈለሰፈ ዘዴ አለ። ቴይለርና ሶረንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1961 እ.ኤ.አ. «ካልቸር ካፕሱል» ብለው ያቀረቡት ሲሆን፣ አንድ የባህል ልዩነት ብቻ የሚያነሳ አጭር ጽሑፍ፣ ከሱ ጋር የሚታይ ዕቃ ወይም ሥዕል፣ በመጨረሻም ጥያቄዎች ነው። አዘጋጁ ከ100 እስከ 150 ቃል ይጽፋል፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ሁለት ነገር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ለእርስዎ ክፍል ዕቃው ከተማሪዎቹ ቤት ይምጣ። ጀበና፣ ሲኒ፣ ነጠላ፣ ሞሰብ፣ የመስገጃ ምንጣፍ፣ የዕድር ደብተር። በአንድ ዴስክ ሦስት ከተቀመጡ የፊተኞቹ ወደ ኋላ ሲዞሩ ስድስት ይሆናሉ፤ 70 ልጅ ማለት 12 ያህል ቡድን ነው፤ ወንበር ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ቡድን ስለ አንድ ዕቃ በ8 ዐረፍተ ነገር ይጽፋል፦ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚጠቀምበት፣ መቼ፣ ምን እንደሚደረግ በቅደም ተከተል፣ ለምን ዋጋ እንዳለው፣ በመጨረሻም እንግዳ ሰው ቢገኝ ምን ማድረግ እንዳለበትና እንደሌለበት። ሁሉም 12 ቡድን እንዲያቀርብ አይሞክሩ፤ ጊዜው አይበቃም፣ ክፍሉም ይሰለቻል። ጽሑፎቹን በቡድኖች መካከል ያለዋውጡና አንባቢው ቡድን ሦስት ጥያቄ ጽፎበት ጽሑፉን ለጸሐፊዎቹ ይመልስ።

ስሙን ለመተርጎም አይድከሙ። ዕድር «ዕድር» ይባል፤ ከዚያ ሰዎች በየወሩ ገንዘብ እያዋጡ ሐዘን ሲደርስ ድንኳን፣ ወንበርና ጉልበት የሚያቀርቡበት የሰፈር ማኅበር እንደሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይብራራ።

ጽሑፉን የሚያበላሸው «ከጥንት ከጠዋቱ ጀምሮ» የሚል መግቢያ ነው። ልጆቹ ስለ ኩራት ይጽፉና የሚደረገውን ይረሱታል። ስለ ቡና ከጻፉ ቡናው እንግዶች ፊት ይቆላል፣ ጢሱ ይዞራል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በጀበና ይፈላል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ እንግዳ በአቦል ተነስቶ ባይሄድ ይመረጣል። ይህን ያህል ዝርዝር ያለበት ጽሑፍ ለፈረንጅ አንባቢ ዓይን ይሆናል። አካባቢያችሁ ዓለም የሚያውቀው በዓል ካለውም ይጠቀሙበት፤ መስቀል በ2013፣ ፍቼ ጨምበላላ በ2015፣ ጥምቀት በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ አዲስ ለመጡ እናቶች በበጎ ፈቃድ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። መጀመሪያ የትኛውን ባህል ላስቀድም? *አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ*

መልስ፦ ስምንና ሰዓትን። ወይዘሮ አልማዝ ከበደ ክሊኒክ ተቀምጠው «ሚስ ከበደ!» ተብሎ ሲጠራ ዝም ይላሉ፤ የተጠራው አባታቸው ነዋ። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ 5 ደቂቃ በአባት ስም እየጠሩ ያለማምዷቸው፤ ስማቸውንም ፊደል በፊደል ይጥሩ። ባል፣ ሚስትና ልጆች የተለያየ የመጨረሻ ስም ያላቸው ለምን እንደሆነ ትምህርት ቤትና ቢሮ ሊጠይቃቸው ስለሚችል «አወር ላስት ኔም ኢዝ አወር ፋዘርስ ፈርስት ኔም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በቃል ይያዙት።

ሰዓት ላይ የ6 ሰዓት ልዩነቱን በመቀነስና በመደመር አያስተምሩ፤ በችኮላ ጊዜ ይሳሳታል። ከድርጊት ጋር ያያይዙት፦ የልጆች አውቶቡስ ሰቨን ሰርቲ፣ ምሳ ትዌልቭ። ቀትር 12 «ፒኤም»፣ እኩለ ሌሊት 12 «ኤኤም» መሆኑ ብዙ ሰው ያሳስታል። አሜሪካ ውስጥ ቀን ሲጻፍ ወር ይቀድማል፤ 03/04 ማርች 4 እንጂ ኤፕሪል 3 አይደለም። የልደት ቀን በኛ አቆጣጠር ብቻ የሚያውቁ ካሉ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይጨመራል። ነገር ግን ፓስፖርት ላይ አንድ ቀን ከሰፈረ በየትኛውም ቅጽ የሚሞላው እሱው ነው፤ እንደገና ማስላት ጣጣ ያመጣል።

ሁለት የአካል ልማዶችንም ይንገሯቸው። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» ማለት ለአሜሪካዊ ድንጋጤ ይመስላል፣ በስልክ ደግሞ ጭራሽ ላይሰማ ይችላል፤ «የስ» ብለው ድምፅ ያውጡ። በአክብሮት ዓይንን መስበር በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ እንደ መሸሽ ሊታይ ይችላል። እናቶቹ ልማዳቸውን እንዲተዉ አይደለም፤ የትኛውን የት እንደሚጠቀሙ መምረጥ እንዲችሉ ነው።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ እንዴት እፈትናለሁ? *የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ከአዳማ*

መልስ፦ «ታንክስጊቪንግ መቼ ይከበራል?» ብለው አይጠይቁ። በአሜሪካ የኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ፣ በካናዳ የኦክቶበር ሁለተኛ ሰኞ እንደሆነ መሸምደድ ልጁ ከሰው ጋር መግባባቱን አይለካም።

በቃል ወይም በጽሑፍ ለመፈተን ሁኔታውን በሦስት መስመር ይስጡ፦ የምታናግረው ሰው ማን ነው፣ ምን ያህል ትቀርበዋለህ፣ ምን ትፈልጋለህ። ከ10 ሲታረም 4ቱ ንግግሩ ለሰውዬው መመጠኑ፣ 3ቱ ፍላጎቱ ግልጽ መሆኑ፣ 2ቱ ምክንያት ወይም መግቢያ መስጠቱ፣ 1ዱ ሰዋስው ይሁን። ሰዋስው 1 ብቻ መሆኑ አንዳንድ ባልደረቦችን ያስቆጣል፤ ግን ሌሎች ፈተናዎች ሁሉ ሰዋስውን የሚለኩ ስለሆነ እዚህ ላይ ቦታውን መልቀቅ አለበት።

ለብዙ ተማሪ ምርጫ ጥያቄ ማውጣት ግድ ከሆነ አራቱም አማራጮች በሰዋስው ትክክል ይሁኑ፤ የሚለያዩት ለሁኔታው በመስማማት ብቻ ነው። አንዱ አማራጭ ስህተት ካለበት ልጁ ባህሉን ሳያስብ በሰዋስው ብቻ ይጥለዋል። ረጅሙ ሁልጊዜ መልስ እንዳይሆንም ይጠንቀቁ፤ ጨዋ ንግግር በእንግሊዝኛ ስለሚረዝም ተማሪዎች ርዝመት ቆጥረው መልስ ይመርጣሉ። ስለዚህ ከየአምስቱ ጥያቄ ቢያንስ በሁለቱ አጭሩ ትክክል ይሁን፤ ለምሳሌ ከቅርብ ጓደኛ እስክሪብቶ መዋስ።

ፈተናው ከመታተሙ በፊት ጥያቄዎቹን ያለ መልስ ቁልፍ ለሦስት የትምህርት ክፍል ባልደረቦች ይስጡ። ሦስቱ አንድ መልስ ካልመረጡ ጥያቄውን ከፈተናው ያውጡና ለክፍል ውይይት ያስቀምጡት፤ መምህራን ያልተስማሙበት ሁኔታ 45 ደቂቃ ሙሉ ተማሪ ያነጋግራል።